የአሚሩ መቀመጫ የት ነው? — በሐረር ጀጎል የበዓል ጉዞ

(መግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ከተሰማ በኋላ ከተናጋሪው ድምፅ ሥር ዝቅ ይላል)

  

ዛሬ አብረን እንጓዛለን። የምንጓዘው ወደ ሐረር ነው። ሻንጣ አያስፈልጋችሁም፤ ጆሯችሁን ብቻ አውሱን።

ከመነሣታችን በፊት አንድ ጥያቄ ላንሣ። የጥንት ነገሥታትን ታሪክ ለማየት የምንሄደው ወዴት ነው? አክሱም ብንሄድ ሐውልት እናያለን። ጎንደር ብንሄድ ግንብ እናያለን። ሐረርስ? ከተማዋን ከ70 በላይ አሚሮች ገዝተዋታል ይባላል። የእነዚህ አሚሮች መቀመጫ ታዲያ የት ነው?

ጥያቄውን ያዙልኝ። የአሚሩ መቀመጫ የት ነው? መልሱን መንገድ ላይ እናገኘዋለን።

(ሙዚቃ ለአፍታ ከፍ ብሎ ይጠፋል)

ከአዲስ አበባ ሐረር 525 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአውሮፕላን ድሬዳዋ ወርዶ ከዚያ በሚኒባስ መሄድ ይቻላል፤ ከድሬዳዋ ሐረር አንድ ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው። እኔ ግን ጊዜ ላለው ሰው በየብስ እንዲሄድ እመክራለሁ። ለምን ብትሉኝ፣ የሐረር ታሪክ የሚጀምረው ከሐረር በር ሳይሆን ከመንገዱ ነው።

አዋሽን ተሻግራችሁ፣ ጭሮን አልፋችሁ፣ የጨርጨርን ተራራ ተከትላችሁ ስትሄዱ ጨለንቆ የምትባል ቦታ ትደርሳላችሁ። ብዙ ተሳፋሪ ተኝቶ ያልፋታል። እናንተ እንዳትተኙ! በ1879 ዓ.ም. የመጨረሻው አሚር፣ አሚር አብዱላሂ፣ ከንጉሥ ምኒልክ ጦር ጋር የገጠሙት እዚህ ነው። ውጊያው አጭር ነበር፤ ብዙ ሐረሪዎች አለቁበት። የአሚሮቹ ዘመን ያበቃው በዚህ ሜዳ ነው።

ጨለንቆን ያዙልኝ፤ ስሟ ሐረር ከገባን በኋላ፣ ሰው ቤት ውስጥ፣ ተመልሶ ይመጣል።

ከጨለንቆ ትንሽ ራቅ ብሎ ቁልቢ ገብርኤል አለ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ስንቱ ሰው ስለቱን ይዞ የሚጎርፍበት፣ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት የሐረር ገዥ የነበሩት ራስ መኮንን ናቸው፤ በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ያረፉትም እዚያው ቁልቢ ነው። ከዚያ ሐረማያን ታገኛላችሁ። ደርቆ ስንቱን ያሳዘነው ሐይቅ በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሶለታል፤ አቁሙና እዩት። አወዳይን በጫቱ ገበያ ግርግር ታልፉና ሐረር ትገባላችሁ።

(ድምፅ፦ የባጃጅ ጥሩንባ፣ የገበያ ሁካታ፤ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል)

እነሆ ጀጎል። ጀጎል ማለት የድሮዋን ከተማ የከበበው ግንብ ነው፤ ሰው ግን ግንቡንም፣ ግንቡ ውስጥ ያለችውን ከተማም ጀጎል ይላል።

ግንቡን ማን አሠራው? አሚር ኑር ናቸው። አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ። የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ ብዙዎቻችን ግራኝ አሕመድ እያልን የምንጠራቸው፣ የእኅት ልጅ እንደነበሩ ይነገራል። ኢማሙ በ1535 ዓ.ም. በጦርነት ሲሞቱ ባለቤታቸው ባቲ ድል ወምበራ ሐረር ተመለሱ። የባሌን ደም የተበቀለልኝን አገባለሁ አሉ ይባላል። አሚር ኑር አገቧቸው። በ1551 ዓ.ም. አፄ ገላውዴዎስ ከአሚር ኑር ጦር ጋር ሲዋጉ ወደቁ።

አድማጮቼ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህን ታሪክ አንዱ ወገን በድል፣ ሌላው ወገን በሐዘን ሲተርከው ኖሯል። በሐረር አስጎብኚ አፍ ስትሰሙት እናንተ ከምታውቁት ይለይባችሁ ይሆናል። አትከራከሩ። አድምጡ። ጉብኝት የተባለው ሌላው ሰው ታሪኩን በራሱ አፍ ሲናገር ለመስማት መሄድም ጭምር ነው።

ወደ ግንቡ እንመለስ። አሚር ኑር ከተማቸውን ለማስጠበቅ ይህን ግንብ አስገነቡ። ዙሪያው 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ቁመቱ 4 ሜትር አካባቢ። ደህና እግር ያለው ሰው በአንድ ሰዓት ይዞረዋል። ግንቡ ውስጥ ያለው መሬት ግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚህች ጠባብ ቦታ 82 መስጊዶች እና ከ100 በላይ የወልዮች፣ ማለትም የቅዱሳን፣ መቃብርና መዘከሪያ ስፍራዎች አሉ። ሦስቱ መስጊዶች አንድ ሺህ ዓመት ያስቆጠሩ ናቸው።

በሮቹስ? ጥንት የነበሩት አምስት ናቸው። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ልድገማቸው፤ ልጆች ካላችሁ አብራችሁ ቁጠሩ። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። አምስት! እነዚህ በአማርኛ የምንጠራባቸው ስሞች ናቸው፤ ሐረሪዎች በራሳቸው ቋንቋ ሌላ ስም አላቸው። ሸዋ በር የምንለውን እነሱ አስማዲን በሪ ይሉታል። አምስት በር፣ በቀን አምስት ሶላት፣ አምስት የእስልምና ምሰሶ እያሉ አዛውንቶች ያያይዙታል። ስድስተኛው፣ ሐረር በር የሚባለው፣ ለመኪና መግቢያ ሲባል ኋላ የተከፈተ ነው።

ድሮ በሮቹ ማታ ማታ ይዘጉ ነበር። ለረጅም ዘመንም ከተማዋ ለክርስቲያን እንግዳ ዝግ ነበረች። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. በዓረብ ነጋዴ ልብስ እስከ አካባቢዋ መጥቶ ገባና አሥር ቀን ቆየ፤ አሥሩንም ቀን የሚያስበው በሰላም ስለ መውጣት ነበር። ዛሬ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የሚጠብቃችሁ ባጃጅ፣ ኦቾሎኒ ሻጭ እና «ልምራችሁ?» የሚል ወጣት ነው።

ስለዚህ ወጣት አንድ ነገር ልበል። አስጎብኚ ያዙ፤ መታወቂያ ያለውን። ዋጋውን በሩ ላይ ተነጋገሩ፤ ከጉዞው በኋላ የሚደረግ የዋጋ ክርክር ቀኑን ሁሉ ያበላሻል። የጀጎል መተላለፊያዎች 368 ናቸው ይባላል፤ ብዙዎቹ ከአንድ አህያ ከነጭነቱ በላይ አያሳልፉም። አንዷ እጅግ ጠባቧ የእርቅ መንገድ ትባላለች። የተጣሉ ሁለት ሰዎች እዚያ ከተገናኙ አካላቸው ሳይነካካ አይተላለፉምና፣ ወይ ይታረቃሉ ወይ አንዱ ወደ ኋላ ይመለሳል።

(ድምፅ፦ የስፌት መኪናዎች፤ በርካታ፣ እየተቀባበሉ)

ይህ ድምፅ የምንድን ነው? ገምቱ እስቲ! ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ? አይደለም። ይህ መኪና ግርግር ነው።

መኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው። ስሙ የመጣው ከዚሁ ድምፅ ነው፤ መኪና የተባለው የስፌት መኪናው ነው። በግራና በቀኝ ሰፊዎች በረንዳ ላይ ተደርድረው ይሰፋሉ፤ ከጀርባቸው የጨርቅ ሱቅ ነው። ጨርቁን ከሱቁ ትመርጣላችሁ፣ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ይለካችኋል፣ ቡና ጠጥታችሁ ስትመለሱ ልብሱ አልቋል።

አንድ ቀን እዚያ አንድ ሽማግሌ ሰፊ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ለአንድ ሰዓት ያህል ተመለከትኩ። እግራቸው ከመርገጫው አልወረደም። ለአንዷ ደንበኛ በሐረሪ መለሱ፤ ለቀጣዩ በኦሮምኛ፤ እኔን በአማርኛ «ሻይ ይምጣልህ ልጄ?» አሉኝ፤ ከመንገዱ ማዶ ላለው ነጋዴ ደግሞ በሶማልኛ ጮኸው ነገሩት። ክሩ አልተበጠሰም። ስንት ቋንቋ ይችላሉ ብዬ ብጠይቃቸው ቆጥረውት እንደማያውቁ ገባኝ፤ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩና ደንበኛ መጣ።

ሐረር ይህች ናት። የሐረሪዎቹ ቋንቋ ጌ ሲናን ይባላል። ጌ ማለት ከተማ ማለት ነው፤ ሲናን ቋንቋ። የከተማው ቋንቋ! ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ የአማርኛ ዘመድ። ጆሯችሁን ስትጥሉበት «ይህንንስ አውቀዋለሁ» የምትሉት ቃል ደጋግሞ ይመጣላችኋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ነገሥታቱ እንምጣ። ጥያቄያችን ምን ነበር? የአሚሩ መቀመጫ የት ነው?

መጀመሪያ አሚር ኑር መቃብር እንሂድ። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ሾጠጥ ያለ ጉልላት ነው። ትንሽ ነው። ያንን ሁሉ ግንብ ያሠራ ሰው የተኛበት ቦታ ይህን ያህል ትንሽ መሆኑ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ልቤን ነክቶታል። ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይገባል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ ያዙ።

ከዚያ አው አባድር አሉ። የከተማዋ ጠባቂ ተብለው የሚከበሩ፣ ከሌሎች ሼኮች ጋር ከዓረብ አገር መጡ የሚባሉ። «አው» በሐረሪ አባት ማለት ነው። እናት ደግሞ «አይ» ናት። ስለዚህ አው አባድር ስትሉ አባታችን አባድር ማለታችሁ ነው። አይ አቢዳ ስትሉ እናታችን አቢዳ። አዎ፣ ሴት ወልይም አለች፤ የራሷ መዘከሪያ ያላት። ከተማዋን የወልዮች ከተማ የሚሏት ለዚህ ነው። በመዘከሪያዎቹ ሐሙስ ማታ ከበሮ እየተመታ ዚክሪ፣ የጸሎት ዝማሬው፣ ሲደረግ ብትሰሙ፣ ዳር ቆማችሁ አድምጡ፤ ስልካችሁን አውጥታችሁ ሰው ፊት ላይ አትደግኑ። ፎቶ ስታነሡ አስቀድሙና አስፈቅዱ።

ከገዥዎቹ ቤቶች ውስጥ ራስ ተፈሪ ቤት አለ። ራስ ተፈሪ፣ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት፣ በ1884 ዓ.ም. ከሐረር ብዙም በማይርቀው ኤጀርሳ ጎሮ ተወልደው ያደጉት ሐረር ነው። ቤቱን የሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው ይባላል፤ የበሩን ፍልፍል ቀና ብላችሁ ብታዩት የሕንዶችን እጅ ታገኙበታላችሁ። ዛሬ ቤቱ ሙዚየም ነው። የሙዚየሙ መሥራች አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማቸውን ዕቃ የለቀሙ ሰው ናቸው፤ በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖች፣ የድሮ ሳንቲሞች፣ ጎራዴ፣ ልብስ፣ በካሴት የተቀዳ ዘፈንና ዚክሪ። መጀመሪያ በመኖሪያ ቤታቸው ነበር የሚያሳዩት። ሐረር የራሷን ገንዘብ ትቀርጽ እንደነበር ታውቃላችሁ? አሚሮቹ ያስቀረጿትን ትንሿን መሐለቅ እዚያ ታዩአታላችሁ፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም።

ብዙ ጎብኚ የሚጣደፈው ወደ ራምቦ ቤት ነው። ባለ ቀለም መስኮቱ ቤት ውብ ነው፤ ሰገነቱ ላይ ወጥታችሁ ከተማዋን ብታዩ አትቆጩም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ለቡና ንግድ ሐረር መጥቶ፣ እየሄደ እየተመለሰ እስከ 1883 ዓ.ም. ኖሯል። ግጥም መጻፍ ከተወ በኋላ ማለት ነው። ግን ያ ቤት የተሠራው እሱ ከሞተ በኋላ ነው፤ አልኖረበትም። ይህን የምነግራችሁ ቤቱን እንዳታዩ አይደለም። ሰው ሁሉ ለአንድ የውጭ አገር እንግዳ ሰዓቱን ሰጥቶ፣ ለባለቤቶቹ ቤት አሥር ደቂቃ ሲያጣ ስለማይ ነው።

ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ግብፆች ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ከተማዋን በያዙበት ዘመን መስጊድ በነበረበት ስፍራ፣ ከጨለንቆ በኋላ የተሠራ ነው። ይህም የጀጎል ታሪክ ነው፤ ሳይዘለል መነገር አለበት።

(ሙዚቃ ለአፍታ)

እስካሁን መቃብር አየን፣ ሙዚየም አየን፣ ቤተ ክርስቲያን አየን። የአሚሩን መቀመጫ አየን? አላየንም።

እስቲ በሐሳብ በጣም ርቀን እንሂድና እንመለስ። በሩቅ ምሥራቅ፣ በካምቦዲያ፣ አንግኮር የሚባል የጥንት ከተማ አለ። የክመር ነገሥታት ከ900 ዓመት ገደማ በፊት እዚያ ከድንጋይ የሠሩት ቤተ መቅደስ እስከ ዛሬ ቆሞ የዓለም ሰው ሲጎርፍለት ይኖራል። ነገሥታቱ የኖሩባቸው ቤተ መንግሥቶች ግን ከእንጨት የተሠሩ ነበሩና የሉም። ሕዝቡ የኖረባቸው ቤቶችም የሉም። ድንጋይ ለአማልክት ብቻ ነበር። ጎብኚው የሚያየው ባለቤቶቹ የሌሉበትን ነገር ነው።

ሐረርስ? ሐረር ሰው በድንጋይ ቤት ይኖራል። በዚያው በጀጎል ግንብ ድንጋይ፣ ሐሺ በሚሉት። ባለቤቶቹም አልሄዱም፤ ቤት ናቸው። ስለዚህ በር እናንኳኳ!

(ድምፅ፦ የእንጨት በር ይንኳኳል፤ ውስጥ የጎድጓዳ ሳህን ድምፅ)

የሐረሪ ቤት ጌ ጋር ይባላል። የከተማ ቤት ማለት ነው። ከውጭ ስታዩት ነጭ ወይም ሰማያዊ የተቀባ ግንብ ብቻ ነው፤ መስኮት የለውም ማለት ይቻላል። በሩን አልፋችሁ፣ ጊቢውን አልፋችሁ ስትገቡ ነው ዓይናችሁ የሚበራው።

እኔን ያስገቡኝ አንዲት እናት ነበሩ። «አይ» ብዬ ጠራኋቸው፤ እንደ አገሩ። ጫማዬን በሩ ላይ አወለቅኩ። ከፊቴ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ከፍ ያለ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ መደብ አለ። ምንጣፍና ትራስ ተነጥፎበታል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሰፌድ፣ በሙዳይ፣ በሳህንና በጎድጓዳ ዕቃ ተሸፍኗል፤ ነጭ ግድግዳ ለማየት መፈለግ አለባችሁ። በግድግዳው ውስጥ ራሱ ተቆርጠው የገቡ 11 መደርደሪያ ቀዳዳዎች አሉ። ቁርኣኑ የሚቀመጥበት ከፍ ያለው ነው።

መደቡ ነደባ ይባላል። አምስት ነው። እንደገና አምስት! ስማቸውን ልንገራችሁ። ጊድር ነደባ፣ ትልቁ መደብ። ጢት ነደባ፣ ትንሹ። ገብቲ አኸር ነደባ፣ ከበሩ ጀርባ ያለው። ሱትሪ ነደባ፣ የተከለለው። አምስተኛውና ከሁሉ የሚከበረውስ? ስሙ ምን ይመስላችኋል?

አሚር ነደባ።

(አጭር ዝምታ)

አድማጮቼ፣ የአሚሩ መቀመጫ እነሆ። በየቤቱ አለ። አሚር አብዱላሂ ከጨለንቆ በኋላ ዙፋኑን አጡ፤ መቀመጫው ግን በእያንዳንዱ ሐረሪ ቤት ቀረ።

እኔ የገባሁ ቀን አሚር ነደባው ላይ ማን ተቀምጦ ነበር መሰላችሁ? የስምንት ዓመት ልጅ። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የሒሳብ የቤት ሥራ ይሠራል፤ እርሳሱን እየነከሰ። እኔ ስገባ ቀና ብሎ አየኝ። እናትየው ምንም አላሉትም። ደብተሩን ሰበሰበ፣ ወርዶ ጢት ነደባው ላይ ተቀመጠና ማባዛቱን ቀጠለ። እኔ የተቀመጥኩበት ትራስ ገና ሙቀቱ አልወጣም ነበር። ከጥቂት በኋላ የጎረቤት ሽማግሌ ገቡ፤ አሁን ደግሞ እኔ ወረድኩ። ማንም ውረድ አላለኝም። ልጁ አስተምሮኝ ነበር።

የመደቡ ቀይ ቀለም ለምን ቀይ ሆነ? ጨለንቆን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። በጨለንቆ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ። አይም ይህን ሲነግሩኝ በመዳፋቸው መደቡን ዳሰስ አደረጉ፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። በየጊዜው እየደበዘዘ በየጊዜው እንደገና ይቀባል።

ከዋናው ክፍል ጎን ክርታት የምትባል ትንሽ ክፍል አለች፤ አዲስ ሙሽሮች የጫጉላ ቀናቸውን የሚያሳልፉባት። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ ደግሞ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ እዚህ ቤት አለች ማለት ነው ይባላል። ለአማች ቤት የሚሠራ ሰፌድ አለ፤ ቀለሙና ቅርጹ የታወቀ ነው፤ እናቶች ሥራውን ከልጅነታቸው ጀምሮ ከእናቶቻቸው ተቀብለውታል። አይ ቁቲ አፈሉልኝ፤ የቡና ቅጠል ተቆልቶ የሚፈላ ነው፤ ከጭስ ሽታው ጋር። ሐረር ቡናው ብቻ ሳይሆን ቅጠሉም ይጠጣል።

እንግዲህ ልድገመው፤ ዋናው ነገር ይህ ነውና። ጀጎል ሰው የሚኖርበት ቤት ነው። ጀጎል የሰው ቤት ነው! በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ግንቡን ብቻ አልመዘገበም፤ ቤቶቹንም፣ በውስጣቸው ያለውንም አኗኗር ቆጥሮ ነው። የሰው ቤት ሲኬድ ምን ይደረጋል? ሰላም ይባላል። ጫማ ይወለቃል። ከተሰጠህ ቦታ ትቀመጣለህ። የቀረበውን ትቀምሳለህ። ከቻልክ ባዶ እጅህን አትሄድም፤ ለቤቱ የሚገባውን ትከፍላለህ። አንዳንድ ቤተሰቦች ክፍላቸውን ለእንግዳ ማደሪያ ያከራያሉና፣ ሆቴል ከማደር እዚያ ብታድሩ ጠዋት በአዛን ድምፅ ትነቃላችሁ።

(ድምፅ፦ አዛን ከሩቅ፣ ከብዙ አቅጣጫ፤ ለ10 ሰከንድ)

መቼ እንሂድ? የምትሉ ትኖራላችሁ። በዓል ፈልጋችሁ ከሆነ ሹዋሊድን ጠብቁ። ከረመዳን ጾም በኋላ ስድስት ቀን የሸዋል ጾም ይጾማል፤ እሱ ሲፈታ የሚከበረው በዓል ሹዋሊድ ነው። በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ሰው በሁለት ቦታ ይሰበሰባል፤ በአው ሹሉም አሕመድ እና በአው አክበራ። ሌሊቱን ከበሮ ነው፣ ዚክሪ ነው፣ እንጨት ከእንጨት እየተጋጨ ይጨበጨባል። ሴቶች በቀይና በወይን ጠጅ ቀሚስ ደምቀው ይወጣሉ። ወጣቶች የሚተጫጩበት በዓል በመሆኑም ከሌሎች በዓላት ይለያል። ቀኑ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ይዘዋወራል፤ ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቃችሁ ተነሡ። ማደሪያም አስቀድማችሁ ያዙ።

መሸ። አንድ ነገር ቀርቶናል። ምን ይመስላችኋል?

(ድምፅ፦ የጅብ ጩኸት)

ጅብ! በሐረሪ ወራባ ይባላል። ግንቡ ግርጌ ወራባ ኑዱል የሚሉት ቀዳዳዎች አሉ፤ ጎርፍ የሚወጣባቸው፣ ጅብ የሚገባባቸው። ሌሊት ገብተው የከተማዋን ቆሻሻ በልተው ጎህ ሳይቀድ ይወጣሉ። ግንቡን ለጠላት የዘጋ ከተማ ለጅብ ቀዳዳ ትቷል።

ማታ ከግንቡ ውጭ፣ ፈላና በርና ሰንጋ በር አካባቢ፣ ጅብ የሚያበሉ ሰዎች አሉ። በስም ይጠሯቸዋል። ሥጋውን አጭር እንጨት ላይ ጠቅልለው ያቀርቡላቸዋል፤ ደፋር እንግዳ ካለ እንጨቱን በጥርሱ ይዞ ያበላል። ጅቡ ሲቀርብ የሚሰማችሁ ነገር ትንፋሹ ነው፤ ሙቅ ነው። ጥርሱ ሥጋውን ይይዝና ይሄዳል፤ እንጨቱን አይነካውም።

ይህ ለቱሪስት የተፈጠረ ብቻ አይደለም። በዓሹራ በዓል ሌሊት ቅቤ የበዛበት ገንፎ ተሠርቶ ለጅቦቹ ይቀርባል። ድሮ በረኃብ ዘመን ጅቦች ሰው መብላት ሲጀምሩ፣ ወልዮቹ ሐኪም በሚባለው ተራራ ላይ ተሰብስበው መከሩ፤ ከጅቦቹ ጋር ተስማሙ፤ ገንፎ እንሰጣችኋለን፣ ሰው አትንኩ ተባባሉ ይላል ትረካው። የጅቦቹ አለቃ ገንፎውን ደህና አድርጎ ከበላ ዓመቱ መልካም ነው። ሳይነካው ከሄደ፣ ወይም ሙልጭ አድርጎ ከጨረሰው፣ ሰዉ ይጨነቃል። ደህና በልቶ ጥቂት ማስቀረት ነው የሚፈለገው፤ እንደ ጨዋ እንግዳ።

(የመውጫ ሙዚቃ ከሥር ይጀምራል)

አድማጮቻችን፣ ሰዓታችን ደረሰ። የሳምንቱ ጥያቄያችን እነሆ፤ እርሳስ ያዙ። አንደኛ፣ አምስቱን የጀጎል ጥንታዊ በሮች በስማቸው ጻፉልን። ሁለተኛ፣ በሐረሪ ቤት ከሁሉ የሚከበረው መደብ ምን ይባላል? ሦስተኛውን ግን ከዝግጅታችን አታገኙትም፤ ከቤታችሁ ነው የምታመጡት። በእናንተ አገር፣ በእናንተ ቤት፣ እንግዳ ሲገባ ተነሥታችሁ የምትለቁለት መቀመጫ የትኛው ነው? ስም አለው? ስሙ ከማን ወረደ? አያቶቻችሁን ጠይቁና ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደብዳቤዎቻችሁን እናነባለን።

ደህና ሰንብቱ።

(ሙዚቃ ከፍ ይላል፤ ከሩቅ የስፌት መኪና ድምፅ ይገባበታል፤ ሁለቱም ይጠፋሉ)